በቡድን ጉዞ የማይረሱ የማዕድና የሙዚቃ ምሽቶች፦ አርሜንያና ጆርጂያ

የመንገድ ማኅደር

ሰላም ለሁላችሁም። ከአውሮፓም ከባሕረ ሰላጤው አገሮችም በቡድን ሆነው ወደ አርሜንያና ወደ ጆርጂያ የሚጓዙ ወገኖቻችን ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ቪዛ፣ ስለ ሆቴልና ስለ ገዳማቱ ነው። እኔ ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግሁት ስለ ምሽቶቹ ነው። ጀርመን አገር ከምንኖር ወዳጆች ጋር ሁለቱን አገሮች አከታትለን ስንጎበኝ፣ ቀን ቀን ያየናቸው ምሽጎችና ገዳማት ዛሬ በአእምሮዬ እርስ በርስ መደባለቅ ጀምረዋል፤ ሁለት ምሽቶች ግን ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ ሳይቀር ተለይተው ይታዩኛል።

የመጀመሪያው ከአርሜንያ ዋና ከተማ ከየሬቫን 30 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በጋርኒ መንደር ነበር። ከሰዓት በኋላውን ያሳለፍነው በጌጋርድ ገዳም ነው። ዋናው ቤተ ክርስቲያኑ እ.ኤ.አ. በ1215 የተሠራ ሲሆን ከጎኑ ያሉት ክፍሎች ከተራራው አለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸው፤ ላሊበላን ያየ ኢትዮጵያዊ እዚያ ሲገባ ዝም ብሎ ይቆማል። ሲመሽ ወደ መንደሩ ተመልሰን በአንድ ቤተሰብ ግቢ ገበታ ቀረበልን። በግቢው ጥግ መሬት ውስጥ የተቀበረ፣ ቶኒር የሚባል የሸክላ ምድጃ ነበረ፤ ሁለት ሴቶች ሊጡን በስሱ ዳምጠው፣ በትራስ መሰል ነገር ላይ ወጥረው፣ ከምድጃው ግድግዳ ጋር ይለጥፉታል፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ላቫሽ የሚሉት ስስ ቂጣ ሆኖ ይወጣል። ትኩሱን ላቫሽ በአይብና በጥሬ ቅጠላ ቅጠል ጠቅልለን እየበላን ሳለ፣ ሁለት ዱዱክ ነፊዎች ያለ ምንም ድምፅ ማጉያ ከገበታው ጫፍ ተቀምጠው መንፋት ጀመሩ። ሲጫወቱ የቆዩት ከአንድ ሰዓት በላይ ቢሆንም ከመካከላችን ስልኩን ያወጣ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው በምሥራቅ ጆርጂያ በካኬቲ አውራጃ፣ በአንድ ወይን ጠማቂ ቤተሰብ ቤት ያሳለፍነው ሱፕራ ነው። ሱፕራ ማለት ታማዳ የሚባል የማዕድ አለቃ ተሰይሞለት፣ በምርቃትና በመዝሙር እየታጀበ እኩለ ሌሊት የሚያልፍ ግብዣ ነው። የሚዘፍኑት ሰዎች መድረክ አልነበራቸውም፤ ከእኛ ጋር ተቀምጠው እየበሉ በመካከሉ ያዜሙ ነበር።

በሁለቱ መካከል በአንድ ትልቅ ምግብ ቤት ያሳለፍነው ሌላ ምሽት አለ። ምግቡ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን የድምፅ ማጉያው ከፍታ ጎን ለጎን የተቀመጥን ሰዎችን እንኳ አላነጋገረንም፤ አስጎብኚያችንም ሌላ ቡድን እየጠበቀ መሆኑን ደጋግሞ አሳሰበን። ስለዚህ ምሽትን የማይረሳ የሚያደርገው ከምግቡና ከሙዚቃው ይልቅ አለመቸኮሉና ከባለቤቶቹ ጋር በአንድ ገበታ መቀመጡ ነው ብዬ አምናለሁ። የእናንተስ ልምድ ምን ይላል?

ባለ ማሲንቆ

የተከበሩ የመንገድ ማኅደር፣ ስለ ዱዱኩ ያነሡት ነገር ሙያዬን ስለሚነካ ትንሽ ልጨምርበት። ዱዱክ ከአፕሪኮት ዛፍ እንጨት የሚሠራ ሲሆን በአፉ ላይ ሰፊ ድርብ የሸምበቆ ምላስ ይገባበታል፤ የድምፁ ልስላሴ የሚመጣው ከዚህ ሰፊ ምላስ ነው። ያያችኋቸው ነፊዎች ሁለት የሆኑበት ምክንያትም አለው። አንዱ ዜማውን ሲያወጣ ሌላው ዳም የሚባለውን አንድ ድምፅ ሳያቋርጥ ይይዛል። ይህ ሰው አየር በአፍንጫው እየሳበ በጉንጩ ያጠራቀመውን ስለሚያወጣ ድምፁ አይቆረጥም። ዜማው ከዳሙ ይርቃል፣ ይጨነቃል፣ ተመልሶም ያርፍበታል፤ ሐዘኑ የሚሰማን በዚያ መራቅና መመለስ ውስጥ ነው። የዱዱክ ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኔስኮ የሰው ልጅ የቃልና የማይዳሰሱ ቅርሶች ድንቅ ሥራ ተብሎ የታወጀው በከንቱ አይደለም።

ድምፅ ማጉያ ይህን ነገር የሚያበላሸው ሁለቱን ድምፆች ከአንድ ሳጥን ስለሚያወጣቸው ነው። በግቢ ውስጥ ስንቀመጥ ዳሙ ከግራ፣ ዜማው ከቀኝ ይመጣል፤ ጆሮም በሁለቱ መካከል ይሄዳል።

የጆርጂያው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። በእኛ ዘንድ አቀንቃኙ ያወጣል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፤ ሁሉም የሚሄደው በአንድ ዜማ ነው። ጆርጂያውያን ግን በሦስት የተለያዩ ድምፆች በአንድ ጊዜ ይዘምራሉ። በካኬቲ የማዕድ ዘፈኖች ሁለት ሰዎች ከላይ እየተፈራረቁ ዜማውን ሲያወርዱት፣ የቀረው ማዕድ በሙሉ ከታች አንድ ወፍራም ድምፅ ይይዛል። ይህም ከቅርስነቱ ባለፈ እንግዳን ለማስገባት የተመቸ ነው፤ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው እንኳ ያን የታችኛውን ድምፅ መያዝ ይችላልና። ከዚህ ወገን የሆነው ቻክሩሎ የተባለው የካኬቲ ዘፈን እ.ኤ.አ. በ1977 በቮዬጀር መንኩራኩሮች ወደ ጠፈር ከተላኩት የሙዚቃ ቅጂዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ወደ ካኬቲ የምትሄዱ ወገኖች ተቀምጣችሁ ከመስማት አልፋችሁ የታችኛውን ድምፅ አብራችሁ ያዙ፤ ደስ ይላቸዋል እንጂ አይከፋቸውም።

የጾም ገበታ

ለሁላችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የማኅበር አባላትን ይዤ ወደ እነዚህ አገሮች የምሄድ እናት ነኝ፤ ከዚህ በላይ ከተነገረው ውስጥ ያልተነካ አንድ ነገር ስላለ እሱን ላንሣ። ምሽቱ እንዳይረሳ ከተፈለገ ከእኛ መካከል ምንም ሳይበላ የሚቀመጥ ሰው መኖር የለበትም። በአርሜንያ ኾሮቫትስ የሚባለው የፍም ጥብስ አብዛኛውን ጊዜ ከአሳማ ሥጋ ይዘጋጃል፤ በጆርጂያ ኺንካሊ የሚባለው፣ በሊጥ ተቋጥሮ የሚቀቀለው ምግብ ውስጡ ብዙውን ጊዜ የበሬና የአሳማ ሥጋ ቅልቅል ነው። እምነቱ የማይፈቅድለት የቡድኑ አባል ይህን የሚያውቀው ምግቡ ፊቱ ከቀረበ በኋላ ከሆነ፣ ጋባዦቹም ያፍራሉ፣ እሱም ይጨነቃል። ስለዚህ ከሳምንታት በፊት ለአስጎብኚው በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ደስ የሚለው ነገር ሁለቱም ሕዝቦች ጾምን የሚያውቁ መሆናቸው ነው። አርመኖች ፓሱትስ ቶልማ የሚሉት አላቸው፤ ምስር፣ ሽምብራና ቦሎቄ ከተፈተገ ስንዴ ጋር ተደባልቆ በጥቅል ጎመን ቅጠል ይጠቀለልና ይበስላል። ዱባው ሳይቆረጥ ሩዝ፣ ደረቅ ፍራፍሬና ማር ተሞልቶበት የሚጋገረውን ጋፓማንም ቅቤው እንዲቀር ብትጠይቋቸው ያደርጉላችኋል። ጆርጂያውያን ደግሞ ለዋልነት ያላቸው ፍቅር ልዩ ነው። ስፒናቹን ወይም የቀይ ሥሩን ቅጠል ቀቅለው ከተፈጨ ዋልነት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከድንብላል ቅጠል ጋር ለውሰው ፕኻሊ ይሉታል፤ ደበርጃኑን በስሱ ጠብሰው ያንኑ የዋልነት ልውስ ይጠቀልሉበታል፤ ቦሎቄውን በሸክላ ድስት አብስለው ሎቢዮ ብለው ከበቆሎ ቂጣ ጋር ያቀርቡታል። በአንድ የጾም ምሽት ትቢሊሲ ውስጥ የተዘረጋልን ገበታ ሳህኑ በሳህን ላይ እስኪደራረብ ድረስ የሞላ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ውስጥ ሥጋም ወተትም አልነበረም። አንዲት የቡድናችን አዛውንት እጃቸውን ታጥበው ከተነሡ በኋላ ተመልሰው የዋልነቱን ልውስ አሠራር ከወጥ ቤቷ በምልክት ተማሩ፤ ለማኅበራችንም ዛሬ እሳቸው ያዘጋጁታል።

ትቢሊሲ የኖርሁት

በመንገድ ማኅደር ሐሳብ ላይ በአክብሮት ልዩነት አለኝ። በትልልቅ ምግብ ቤቶች የሚቀርበውን የጭፈራ ምሽት እንዲያ በቀላሉ ማጣጣል ተገቢ አይመስለኝም። እኔ ከዱባይ የመጡ ቤተሰቦቼን ይዤ የሄድሁት እንዲህ ወዳለ ቦታ ነው። ከመካከላችን የሦስት ቋንቋ ልጆች ነበሩ፤ እናቴም እግራቸውን ስለሚያማቸው ወደ ገጠር ቤት ደረጃ መውጣትና መውረድ አይችሉም። ጨፋሪዎቹ በጉልበታቸው ወድቀው ሲነሡ፣ ሰይፍ ከጋሻ ሲያጋጩ ብልጭታው ሲበርር፣ ሴቶቹ ደግሞ እግራቸው የማይነቃነቅ እስኪመስል በረጅም ቀሚስ ሲንሳፈፉ እናቴ ከወንበራቸው ተነሥተው እልል አሉ። ይህ ጭፈራ ለቱሪስት ተብሎ የተፈጠረ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1945 የተመሠረተው የሱኺሽቪሊ ብሔራዊ ባሌት ከየአውራጃው ሰብስቦ በመድረክ ላይ ያሳደገው ትልቅ ጥበብ ነው። በምግብ ቤት የምናያቸው ወጣቶችም በልጅነታቸው የጀመሩ፣ ለዓመታት የደከሙበት ናቸው።

ሁሉም ቡድን የገጠር ግቢ አይመቸውም። አልኮል የማይጠጡ ሙስሊም ወዳጆቻችንም ጭምር ከሰው ቤት ይልቅ እንዲህ ባለ ቦታ ይቀልላቸዋል፤ ታርኹን ከሚባል መዓዛማ ቅጠል የሚሠራውን አረንጓዴ ለስላሳ መጠጥ አዝዘው ያለ ሐሳብ ይቀመጣሉ።

የመንገድ ማኅደር

ወንድሜ፣ የእናትዎ እልልታ ራሱ ከሁሉ የበለጠ መልስ ነው፤ ስለ ጨፋሪዎቹ ድካም ያሉትንም እቀበላለሁ። የእኔ ቅሬታ የተነሣው ከጥድፊያው እንጂ ከጭፈራው አይደለም። ጆሮን የሚያደነቁር ድምፅና በር ላይ የሚጠብቅ ሌላ ቡድን ባይኖር ኖሮ የዚያ ምሽት ጨፋሪዎች ልባችንን በነኩት ነበር። ሆኖም አንድ ነገር ላይ አሁንም እጸናለሁ፦ በምግብ ቤት ውስጥ እኛ ተመልካች ነን፤ በሱፕራ ግን የገበታው አካል እንሆናለን። ቡድኑ ጤናውና ዕድሜው ከፈቀደለት፣ ቢያንስ አንዱ ምሽት በሰው ቤት እንዲሆን አጥብቄ እመክራለሁ።

የፒያሳ ልጅ

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን በደስታ አነበብሁ። እኔ በዕድሜ የገፋሁ ሰው ነኝ፤ ያደግሁት አዲስ አበባ ፒያሳ፣ የአርመኖች የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በሚገኝበት ሰፈር ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ከወጣ ቡድን ጋር ወደ የሬቫን ስሄድ በልቤ የያዝሁት አንድ ታሪክ ነበር፤ በአንድ ምሽት ማዕድ ላይም ተናገርሁት።

እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ በአርመኖች ገዳም የሚያድጉ፣ ወላጆቻቸው በኦቶማን ቱርክ በአርመኖች ላይ በተፈጸመው እልቂት ያለቁባቸው 40 ልጆች በነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። ልጆቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጥተው የቤተ መንግሥት የሙዚቃ ጓድ አደረጓቸው፤ በታሪካችን አርባ ልጆች የምንላቸው እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዮፍታሔ ንጉሤ በጻፉት ግጥም ላይ እስከ አብዮቱ ድረስ የተዘመረውን የንጉሠ ነገሥቱን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በማዘጋጃ ቤቱና በቴአትር ቤቱ የኢትዮጵያን ሙዚቀኞች አሠለጠኑ፤ የአገራችንን ዜማዎች ለዘመናዊ ባንድ አቀናበሩ። በወጣትነታችን እስከ ንጋት የጨፈርንባቸው የነሐስ ድምፆች መሠረታቸው ከእነዚህ ሰዎች እጅ አለበት።

ይህን በአስተርጓሚ ስናገር ገበታው ጸጥ አለ። ከጋባዦቻችን ብዙዎቹ ስለ እልቂቱ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ፤ የተረፉት ልጆች አዲስ አበባ ገብተው ምን እንደሠሩ ግን የሰሙት ጥቂቶች ነበሩ። የቤቱ አባወራ ተነሥተው ጽዋቸውን ለኢትዮጵያ አነሡ። ከዚያም ከቡድናችን ሁለት ሰዎች የድሮውን መዝሙር ዜማ ያለ ቃል በእንጉርጉሮ አዜሙት፤ ዱዱክ ነፊውም ጆሮውን ሰጥቶ ጥቂት ከሰማ በኋላ ተከተለን። አንድ አርመን የደረሰውን የኢትዮጵያ መዝሙር በአርመን ምድር፣ በአፕሪኮት እንጨት ሲነፋ መስማት በዚህ ዕድሜዬ የተሰጠኝ ጸጋ ነው። ወደዚያ የምትሄዱ ሁሉ ይህን ታሪክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ልትነግሯቸው የሚገባ ነው።

ባለ ማሲንቆ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። የሙዚቃ ተማሪዎች ሁሉ ይህን ቢያነቡት እወድዳለሁ።

የሱፕራ እንግዳ

እኔም ከጋሼ ታሪክ ጋር የሚያያዝ ነገር አለኝ። በሱፕራ ላይ ጽዋ ዝም ብሎ አይጠጣም፤ መጀመሪያ ታማዳው ይመርቃል። ስለ ሰላምና ስለ እግዚአብሔር ይጀምራል፤ ከዚያ ለአገር፣ ለወላጆች፣ ላለፉት ሰዎች፣ ለልጆች፣ ለእንግዶች እያለ ይቀጥላል፤ ማዕዱም ጋውማርጆስ ብሎ ይመልስለታል። ታማዳው ምርቃቱን አላቬርዲ ብሎ ለአንድ ሰው ሲያስተላልፍ ያ ሰው በተራው ተነሥቶ የራሱን መጨመር አለበት። ለሙታን በተነሣው ጽዋ ጊዜ አላቬርዲው ለእኔ ደረሰ። ያን ዓመት አባቴን ቀብሬ ነበር። በአማርኛ፣ እንደ አገሬ ወግ፣ ነፍሱን በገነት ያኑርልን፣ ላለን ዕድሜ ይስጠን ብዬ ተናገርሁ፤ አስተርጓሚው ገና ሳይተረጉመው አንዲት ጆርጂያዊት እናት እጄን ያዘችኝ። ከዚያ ሦስቱ ወንዶች በዝግታ ዘመሩ። በለቅሶ ቤት ያላለቀልኝ ልቅሶ እዚያ ወጣልኝ።

ከዚህ የተነሣ ለሚጓዙ ቡድኖች አንድ ምክር አለኝ። ጋባዦቹ ዘምረው ሲጨርሱ ፊታቸውን ወደ እናንተ ማዞራቸው አይቀርም፤ የእናንተን ለመስማት ከልባቸው ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሁሉም የሚያውቀውን አንድ የሠርግ ዘፈን ወይም መዝሙር በአውቶቡስ ውስጥ ሳላችሁ ተለማመዱ፤ አቀንቃኙንም አስቀድማችሁ ምረጡ። የእኛ ቡድን በጭብጨባ ጀምሮ እስክስታ ሲገባ፣ የቤቱ ጎረምሳ ዶሊ የሚባለውን ከበሮ ከግድግዳ አውርዶ ጭብጨባችንን ተከተለ። የማይጠጣውን ጠጣ ብሎ የሚያስገድድ የለም፤ አንዲት ሙስሊም እህታችን በሮማን ጭማቂ ሁሉንም ምርቃት ተከታትላ ጨርሳለች፣ ታማዳውም አክብሮ ጭማቂውን ራሱ ይቀዳላት ነበር።

ከሊዝበን

ርእሱ ስለ ካውካሰስ ቢሆንም ስለ ጸጥታው ያነሣችሁት ነገር ስለ ፖርቱጋል ሙዚቃ እንድናገር አደረገኝ። በሊዝበን አልፋማ ሰፈር በሚገኙ ትንንሽ የፋዶ ቤቶች እራት እየተበላ ሳለ መብራቱ ይደበዝዛል፤ አስተናጋጆቹ ሳህን ማንሣት ያቆማሉ፤ ዘፋኟም ብዙ ጊዜ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ 12 ክር ባለው የፖርቱጋል ጊታርና በሌላ ተራ ጊታር ታጅባ ትዘፍናለች። በዜማው መካከል ማውራት ትልቅ ነውር ነው። ከሕንድና ከብራዚል ሰዎች ጋር በነበርንበት ቡድን አስጎብኚያችን ይህን ደንብ አስቀድማ ስለነገረችን፣ የጎመኑና የድንቹ ሾርባ እየቀዘቀዘ ማንም ማንኪያ አላነሣም። በየዘፈኖቹ መካከል ረጅም እረፍት ስላለ ወሬውም ምግቡም ጊዜ አለው። የቤቱን ደንብ አስቀድሞ ማወቅ በየትኛውም አገር ምሽቱን እንደሚያድን የተማርሁት እዚያ ነው።

የጉዞ ጠያቂ

ክቡራን ወንድሞችና እህቶች፣ በነሐሴ ወር ከስቶክሆልም ሁለቱን አገሮች ለማየት እያሰብን ነው፤ አብዛኞቻችን ፍልሰታን እንጾማለን። ሱፕራውን ከትቢሊሲ ደርሶ መልስ ማድረግ ይሻላል ወይስ እዚያው ማደር? ለሙዚቀኞቹስ ሽልማት እንዴት ይሰጣል?

የጾም ገበታ

እህቴ፣ ነሐሴ ለእናንተ ከሁሉ የተሻለ ጊዜ ነው። የእኛ ፍልሰታ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከነሐሴ 7 እስከ 21 ሲሆን፣ ጆርጂያውያን የእመቤታችንን በዓል ነሐሴ 28 ስለሚያከብሩ ከነሐሴ 14 ጀምረው ይጾማሉ፤ ስለዚህ በመካከሉ ባለው ሳምንት የሚጾሙ ጋባዦች ታገኛላችሁ፣ የጾም ገበታ ለመጠየቅም አትሸማቀቁም። አርመኖች በበኩላቸው በነሐሴ 15 አቅራቢያ በሚውለው እሑድ በየቤተ ክርስቲያኑ ወይን ፍሬ ያስባርካሉ፤ ቀኑ ከገጠማችሁ ጠዋቱን በዚያ አሳልፉት።

ስለ ማደሩ ያለ ጥርጥር እዚያው እደሩ። በካኬቲ የምትገኘው የሲግናጊ ከተማ ከትቢሊሲ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ሾፌሩ የሌሊቱን መንገድ እያሰበ የሚጠብቃችሁ ከሆነ ታማዳው ገና ወደ ልጆች ጽዋ ሳይደርስ ትነሣላችሁ። በሲግናጊና በሌላዋ የካኬቲ ከተማ በቴላቪ የእንግዳ ማረፊያ ቤቶች አሉ፤ ከጋባዡ ቤት በእግር የሚደረስበትን ምረጡ። ለሙዚቀኞቹ ደግሞ ክፍያቸው በእራቱ ዋጋ ውስጥ መካተቱን አስጎብኚውን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካልተካተተ እያንዳንዱ በየግሉ ከሚሰጥ ይልቅ አንድ ሰው ከሁላችሁ ሰብስቦ በፖስታ አድርጎ፣ ሲሰናበቱ ለታላቃቸው ይስጥ።